ከሰርጉ ማግስት እቃውን ማን ያጥባል?

ባዶ የውሃ ጠርሙስ በአማርኛ ስሙ ሃይላንድ ነው። የከሣቴ ብርሃን ተሰማንም ሆነ የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ብታገላብጡ አታገኙትም። ቃሉ የገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ በዚህ ስም ገበያ ላይ ሲውል ነው። ያን ጊዜ ጠርሙሱ ከውሃው ይበልጥ ይፈለግ ነበር። በክፍለ ሀገር መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያስታውሳል፤ እረኞች ከመኪና ጎን እየሮጡ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይሉ ነበር። ዘይት ይቀዳበታል፣ ጠበል ይመጣበታል፣ ተማሪ ውሃ ይይዝበታል። ዛሬ ፋብሪካው የትኛውም ይሁን፣ ውሃው ተጠጥቶ ሲያልቅ ጠርሙሱ ሃይላንድ ይሆናል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምላቸው ነገር ነበር፤ አንድ እቃ ቤታችን ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ተረትና ምሳሌ ውስጥ ፈልጉት። ጋን ገብቷል፤ ጋኖች አልቀው ምንቸቶች ጋን ሆነዋል፣ ጋን በጠጠር ተደግፏል። እንስራም፣ ወንፊትም፣ ሰፌድም ገብተዋል። ሃይላንድ ግን ይኸው ሩብ ምዕተ ዓመት ሆነው፣ ቦይ ውስጥ እንጂ ተረት ውስጥ አልገባም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሰርግ ልጽፍ ብዬ ነው። ሰሞኑን «ለአካባቢ ተስማሚ ሰርግ» የሚል አነጋገር ደጋግሜ እሰማለሁ። አነጋገሩ የዎርክሾፕ ጠረን አለው፤ አበል የሚታሰብበት ይመስላል። ሐሳቡ ግን የሚናቅ አይደለም። ለማግባት የተዘጋጁ ወጣቶች ሲያነሱት ብዙዎቹ አንድ መከራከሪያ አላቸው፤ «የአያቶቻችን ሰርግ ቆሻሻ አልነበረውም፣ ወደዚያ እንመለስ» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ችግሩ ያለው የቀረው ግማሽ ላይ ነው፤ እርሱን ሳናነሳ እንመለስ ማለት ሸክሙን ሌላ ሰው ጀርባ ላይ መጫን ይሆናል።

እውነት የሆነውን እናስቀድም። የቀድሞ ሰርግ በዳስ ነበር። ዳስ እንጨት ተተክሎ፣ ቅጠል ለብሶ፣ ሰርጉ ሲያልፍ የሚፈርስ ቤት ነው፤ እንጨቱ ማገዶ ይሆናል፣ ቅጠሉን ከብት ይቀማምሰዋል። ወለሉ ቄጠማ ነው። ሰሃኑ እንጀራ ነው። ይህን ለጨዋታ አላልኩም፤ ሰሃኑን በልቶ የሚነሳ እንግዳ በዓለም ላይ ብዙ ቦታ አይገኝም። ወጡ በሸክላ ድስት፣ ጠላው በጋን፣ መጠጫው ዋንጫና ጣሳ፣ ጠጁ በብርሌ። ድፎው በኮባ ተሸፍኖ ይጋገራል፣ ኮባው በማግስቱ ለጥጃ ይሆናል። ትራፊውን መጀመሪያ የማግስት እንግዳ፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የኔ ቢጤ ይበላዋል። ቡሌ የሚባለው ቃል የመጣው ሆቴልና ቡፌ ከበረከተ በኋላ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ የዚያ ሰርግ ምስጢር ሸክላው ወይም ቀንዱ አልነበረም። ምስጢሩ ትውስት ነው። አራት መቶ ሰው የሚያስተናግድ እቃ ያለው ቤት አልነበረም፤ እንዲኖረውም አያስፈልግም ነበር። ጋኑ ከእትዬ እገሊት፣ ትልቁ ምጣድ ከታች ሰፈር፣ ብርሌው ከጠጅ ቤት ይመጣል። በኋላ የቆርቆሮና የኢሜል ሰሃን ሲመጣም ሥርዓቱ አልተለወጠም። ሰሃኑ እንዳይቀያየር ከሥሩ በቀለም ፊደል ይጻፍበታል፤ ቀለም ከጠፋ የጥፍር ቀለም ይነጠብበታል። የጣሳው ጆሮ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። በልጅነቴ አንድ ሰሃን ገልብጦ የስንት ሰፈር ሰርግ እንደዋለ ማንበብ ይቻል ነበር። ጥሩ መጽሐፍ ነበር።

በከተማ ይህን ትውስት ተቋም ያደረገው እድር ነው። እድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ያጠኑት ሰዎች ይናገራሉ። የተቋቋመው ለቀብር እንጂ ለሰርግ አይደለም። ግን ድንኳን የገዛ፣ አግዳሚ ያሠራ፣ ጎላና ሰሃን ያከማቸ ማኅበር ልጁን ለሚድር አባል አላውስም አይልም። ስለዚህ በለቅሶ ንፍሮ የቀረበበት ሰሃን በሰርግ ክትፎ ይቀርብበታል፤ ትናንት የተለቀሰበት ድንኳን ዛሬ እልል ይባልበታል። ማንንም አይገርምም። አሁን በውጭ አገር «የጋራ ኢኮኖሚ» እየተባለ መጽሐፍ የሚጻፍለት ነገር እኛ ዘንድ ቁልፍ ያዥ፣ መዝገብና የቅጣት ደንብ ነበረው፤ ሰሃን የሰበረ ይከፍላል።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ ልምጣ።

አያቶቻችን ቆሻሻ አልጣሉም፤ ደን ግን አቃጥለዋል። እንጀራ በሦስት ጉልቻ መጋገር የሚበላውን ማገዶ ያየ ያውቀዋል። ጠላ ደግሞ አሻሮው ይቆላል፣ ቂጣው ይጋገራል፣ ጋኑ ራሱ በወይራ ይታጠናል። የግብርና የድግስ አገር ስለሆንን ማገዶ የመንግሥት ጉዳይ እስከመሆን ደርሶ ነበር። አፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ያሠሩት የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይዞ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው እየገባ የሚበላበት ነበር። ያንን ሁሉ ሕዝብ የሚቀልበው ጭስ ከየት ይነሳል? ከእንጦጦና ከዙሪያው ኮረብታ ነው። ድግሱ ብቻውን ባያደርገውም፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶ እጦት ስለበረታ ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ከመፍለስ ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ወዲህም የእንጦጦ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያወረዱት እንጨትና ቅጠል የስንት ሰርግ እንጀራ እንዳበሰለ የቆጠረ የለም።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃልም እንደዚሁ ሊያታልለን አይገባም። እናቶቻችን የሰርግ ነጠላ የሚያነጡበት እንዶድ ከማንኛውም ሳሙና ይልቅ የአገር ቤት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ በእንዶድ ምክንያት ነበር። ግኝቱ በቢልሃርዝያ ላይ ለሚደረገው ትግል ትልቅ ተስፋ ሆነ፤ ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድል አረፋ ለዓሣም አይራራም። ከዛፍ የተገኘ ሁሉ ለውሃ ወዳጅ አይደለም ለማለት ነው እንጂ እንዶድን ለማሳጣት አይደለም።

ደኑ ግን ቀላሉ ነው። የሚከብደው ሌላ ነው። ያ ሁሉ የተዋሰ ጋን፣ ሰሃን፣ ብርሌና ጎላ ታጥቦ ነው የሚመለሰው። ማን አጠበው? ስለ ሰርግ የተጻፈውን አስታውሱ፤ ሽምግልናው አለ፣ ጥሎሹ አለ፣ ሚዜው፣ ፉከራው፣ የጠጅ አሳላፊው ወገብ ሳይቀር አለ። አጣቢዋ የለችም። ጓሮ ናት። አመድና የእንሰት ቃጫ ይዛ፣ ሳፋ ፊት ተንበርክካ፣ ሰርጉ የሚጀምርበትን ሦስት ቀን ሲቀረው ገብታ፣ ካለቀ ሦስት ቀን ቆይታ ትወጣለች። ሃያ ዓመት ልቦለድ ሳስተምር ስለ እርሷ የሚጠይቅ ፈተና አውጥቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም ጽሑፉ ውስጥ እምብዛም አላገኘኋትም።

የሚጣለው እቃ የመጣው እንግዲህ ወደዚህ ጓሮ ነው። አመጣጡም በአንድ ጀምበር አይደለም። በመካከል አንድ ጥሩ ዘመን ነበር፤ የብርጭቆ ጠርሙስና የሳጥን ዘመን። ሐዋሳን ብንወስድ፣ ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ቦታው አዳሬ ይባል ነበር። ስለዚህ የሐዋሳ ሰርግ ከጅምሩ የከተማ ሰርግ ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ከሲዳማው ባለ አገር ጋር የሚጋባበት። የወንጌላውያን አማኞች ቁጥርም ብዙ በመሆኑ ጠላና ጠጅ የማይቀርብበት ሰርግ በሌላ ከተማ ከሚታየው ቀድሞ ተለመደ። በጠላው ፈንታ የገባው ለስላሳ ነው። ለስላሳው በሳጥን ይመጣል፣ ባዶው ተቆጥሮ ይመለሳል፣ የተሰበረ ይከፈላል። በደርግ ዘመን በቀበሌ አዳራሽ የተዳረ ሰው ሁሉ ከድንኳኑ ጀርባ ባዶ ሳጥን ሲቆጥር ያመሸ አንድ አጎት ነበረው። ያ አጎት ሳያውቀው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነበር።

ከዚያ ለስላሳውም ውሃውም በላስቲክ ሆነ። ሳጥን ቆጣሪው አጎት አረፈ። ቀጥሎ የሚጣል ብርጭቆ፣ የሚጣል ሰሃን፣ የሚጣል የጠረጴዛ ልብስ መጣ። አጣቢዋም አረፈች። ይህን ሳንረዳ በላስቲክ ላይ ብንጮህ የሚሰማን የለም። ለብዙ ሴቶች ላስቲክ ነፃ አውጪ ነው።

አሁን ሐዋሳ፣ ታቦር። ታቦር ኮረብታ ነው፣ ክፍለ ከተማም ነው፤ በስተምዕራቡ ሐይቁ ተዘርግቷል። አሞራ ገደል ከዚያው አጠገብ ነው፤ ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎች ቆሮሶና አምባዛ ያወርዳሉ፣ አባ ኮዳዎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመው አንጀቱ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሙሽሮች ይመጣሉ። ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ ብትሄዱ ነጭ ቬሎ ከነጭ ቬሎ ሲተላለፍ ታያላችሁ፤ ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደ ውሃው» ይላል። ጥር ሲሆንማ ወረፋ አለው።

ሐዋሳ በሲዳምኛ ሰፊ ውሃ ማለት ነው ይባላል። ሰፊ ቢሆንም ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዋናው ነገር ግን ስፋቱ አይደለም። ይህ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከከተማው ጎርፍ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ዓባይ ከጣና እንደሚወጣ፣ ከሐዋሳ የሚወጣ የለም። ውሃው በትነት ይሄዳል፤ የገባው ነገር ይቀራል። ጥቁር ውሃ ቀድሞ ጨለለቃ በሚባለው ረግረግ ሐይቅ ውስጥ አልፎ ደለሉን አራግፎ ነበር የሚመጣው፤ ጨለለቃ ግን አብዛኛው ደርቆ የግጦሽና የእርሻ መሬት ሆኗል። ከእንግዲህ ወንፊት የለም። ቅዳሜ ማታ ከታቦር ግርጌ ድንኳን ውስጥ የተጣለ ሃይላንድ ቆራሌው ካልቀደመው የክረምት ጎርፍ አንስቶ ሐይቁ ውስጥ ያስገባዋል፤ እዚያም ፀሐይ እየሰባበረችው ይኖራል። ከስምጥ ሸለቆ ጎረቤታችን ከዝዋይ ሐይቅ ተወስደው ከተመረመሩ ዓሦች መካከል በሲሶ ያህሉ ሆድ ውስጥ የላስቲክ ቅንጣት መገኘቱን በ2012 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ገልጿል። ሙሽራው ፎቶ የተነሳበትን ውሃ ልጁ በዓሣ ጥብስ ይቀምሰዋል ማለት ነው።

ታቦር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ልትዳር ነው። «ጋሼ፣ በሰርጌ አንድ ሃይላንድ እንዳላይ» ብላ ስለተነሳች ቤተሰቡ ስብሰባ ተቀመጠ፤ እኔም «ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ይምጣ» ተብዬ ተጠራሁ። አጎት ሲሆኑ ለአስተያየት እንጂ ለውሳኔ እንደማይጠሩ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉ ተነሳ። ፊኛ ቀረ። የላስቲክ አበባ ቀረ። የሙሽራው ጓደኞች አጀቡን በኤሌክትሪክ መኪና እናድርገው አሉ፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ዓይነቱ ተበራክቷል። ጥሩ ነው፤ ግን አሥራ አምስት ባዶ መኪና እየነፋ አደባባይ መዞሩ በኤሌክትሪክ ስለሆነ ቁም ነገር አይሆንም። አንዱ ወጣት ደግሞ ሙሽሮቹ ችግኝ ይትከሉ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለ ወዲህ ችግኝ የማይተከልበት በዓል የለም። ቀኑ ግን ሐምሌ ነበር። ሰርጉ ጥር ነው። በጥር የተተከለ ችግኝ ሁዳዴ ሳይጋመስ ይደርቃል፤ የሚቀረው ፎቶው ነው። «ከወደዱ ሐምሌ ላይ ይመለሱ» አልኩ። ዝም ተባለ።

እንግዳ ይቀነስ የሚለውንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ሁለት ጠርሙስ ውሃ ቢጠጣ አምስት መቶ እንግዳ አንድ ሺህ ሃይላንድ ነው፤ ሁለት መቶ ቢጠራ ስድስት መቶው አይኖርም፣ ይህ ሒሳብ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ አስቸኳይ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል በጥቂት ሰው የተጋቡት ዛሬም ባልና ሚስት ናቸው። እህቴ ግን ሒሳቡን በሌላ ሒሳብ መለሰችልኝ። «የበላሁበትን ቤት ላላበላ ነው?» አለች። ሰርግ ብድር ነው፤ ሠላሳ ዓመት በሰው ድንኳን የበላች ሴት በልጇ ቀን ዕዳዋን ካልከፈለች ሰፈር ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም። ይህን አጉል ልማድ ብሎ የሚያጣጥል ሰው ለቅሶ ሲደርስበት ማን እንደሚያስተዛዝነው ቢያስብ ጥሩ ነው። እንግዳው አልተቀነሰም።

ከዚያ የሰሃኑና የውሃው ነገር መጣ። እኔ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ፣ ስለ ትውስቱ፣ ስለ እድሩ፣ ከሥሩ ስለተጻፈበት ሰሃን፣ ለስብሰባው አስረዳሁ። የሰፈሩን የድግስ ወጥ ቤት ለረጅም ዘመን የመሩ አንዲት እናት ጥግ ተቀምጠው ያዳምጡኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ አንተ የምታወራው ስለ ሰሃኑ ነው» አሉኝ። «እኔ የማስበው ወገቤን ነው። አርባ ዓመት በሰው ሰርግ ስውል ሙሽራ ስትገባ አይቼ አላውቅም። እልልታው ከጓሮ ይሰማኛል፣ እኔም ከጓሮ እመልሳለሁ። ላስቲክ የመጣ ዓመት ነው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። አሁን ተነሽ ልትለኝ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሙሽሪት ግን ነበራት። ለታሸገ ውሃ፣ ለሚጣል ሰሃንና ብርጭቆ የተያዘውን ገንዘብ ደምራ መጥታለች። በዚያ ገንዘብ እቃ ተከራይቶ፣ ስድስት ሰው ለሁለት ቀን ደህና ክፍያ ከፍሎ ማሳጠብ ይቻላል፤ ይተርፋልም። እትዬም ሙሽራዋ ስትገባ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሴትየዋ ወዲያው አልተቀበሉም። «ስድስቱ ሴቶች ናቸው ወንዶች?» ብለው ጠየቁ። ሚዜዎቹ መሬት መሬት አዩ።

ውሃው ከሰሃኑ ይልቅ አከራከረ። የታሸገ ጠርሙስ በእኛ አገር ክብርም መተማመኛም ነው። ሰው አተትን አልረሳም፤ በ2008 ዓ.ም. በብዙ ከተሞች ሲዛመት ክዳኑ ያልተከፈተ ውሃ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ሁሉም አይቷል። «ለእንግዳ የሮቶ ውሃ አቀረቡ» እንዳይባል ይሉኝታውም አለ። መጨረሻ ላይ የተስማሙት ባዶው በሚመለሰው ባለ 20 ሊትር የታሸገ ውሃ ነው፤ በብርጭቆ እየተቀዳ ይቀርባል። ለለስላሳው የብርጭቆ ጠርሙስ በሳጥን የሚያመጣ አከፋፋይ ይፈለጋል፤ ካሪቦና ብርዝ ይጠመቃል። ካሪቦ ጌሾ የለበትም፣ አያሰክርም፣ ለአጥባቂዎቹም ይሆናል። ለምን እንደተረሳ አይገባኝም።

የሙሽራው ወገኖች ሲዳማ ናቸው፤ የእርሱ እናት እስከዚያ ዝም ብለው ቆይተው ልጃቸው እያስተረጎመ ተናገሩ። እርሳቸው ቡርሳሜውን በሻፌታ ያመጣሉ፤ ለእንግዳው ደግሞ የእንሰት ቅጠል እጥፍ አድርጎ በሰሃን ፈንታ ማቅረብ ምን ነውር አለው? ቅጠሉ ከጓሯቸው ነው፤ የሚቆረጠው የታችኛው፣ የበሰለው ብቻ ነው፣ ለጋው አይነካም። የማይታጠብ ሰሃን! እትዬ በዚህኛው ፈገግ አሉ። በህንድ ደቡብ በኬረላ ግዛት ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሰርግ ምሳቸውን ከጥንት ጀምሮ በሙዝ ቅጠል ይበላሉ። የሚጣል እቃ እየገባ ሲያስቸግር ግዛቲቱ ከአሥር ዓመት ግድም በፊት ለሰርግ «አረንጓዴ ደንብ» አወጣች፤ ቅጠሉን፣ የብረት ሰሃኑንና የብርጭቆ መጠጫውን መልሳ አደባባይ አወጣች። እንሰትና ሙዝ ዘመዳሞች ናቸው። እኛም ሩቅ አገር ለሥልጠና ሳንሄድ ከሙሽራው እናት ጓሮ መጀመር እንችል ነበር።

ሕግ ያድነናል ብለን እንዳንጠብቅ ደግሞ ታሪካችን ይታወቃል። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነና በቀላሉ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ የከለከለው አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ፌስታል በእጃችሁ እንዳለፈ እናንተው ታውቃላችሁ። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ጠንከር ያለ አዋጅ አጽድቆ ፌስታልን ከልክሏል፣ ይዞ ለተገኘም ቅጣት አለው። ጥሩ ነው። ፌስታል ግን የገበያ ጉዳይ ነው፤ የሰርጉ ድንኳን ውስጥ ያለው ሃይላንድና የሚጣል ሰሃን ነው። ሩዋንዳ በ2008 እ.ኤ.አ. ፌስታልን ስታግድ ሕጉን ያስከበረችው በፍተሻ ነው። በሰርግ ድንኳን በር ላይ ፖሊስ ቆሞ ቦርሳ ሲፈትሽ ግን ማየት አልፈልግም።

እጥበቱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ይህን ሳልል ባልፍ ሙሽሪት ትታዘበኛለች። አምስት መቶ ሰሃን ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ የሐዋሳ ቧንቧ ደግሞ ሰርግ አለ ብሎ አይመጣም። የሳሙናው አረፋ ወደ ቦይ ከፈሰሰ መድረሻው ያው ሐይቅ ነው። ስለዚህ ሦስት ሳፋ ይደረደራል፤ በመጀመሪያው ትራፊው ይራገፋል፣ በሁለተኛው በሳሙና ይታሻል፣ በሦስተኛው ይለቀለቃል፤ እጣቢው ከጓሮ በተቆፈረ ጉድጓድ ይፈስሳል እንጂ ወደ መንገድ አይደፋም። ይህን ያወጡት እትዬ ናቸው። በአርባ ዓመት የማያውቁት የለም።

በማግስቱ ከሙሽሪት ጋር ወደ ሰፈሩ እድር ሄድን። ግምጃ ቤቱ የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ቁልፍ ያዡ ሽማግሌ መጋረጃ ሲገልጡ ሰሃኖቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፣ ከሥራቸው በቀይ ቀለም የእድሩ ምልክት አለ። ለለቅሶ እንኳ ከተወሰዱ ቆይተዋል አሉ፤ ሰው የሚጣለውን ይመርጣል። አቧራውን በእጃቸው ጠረግ እያደረጉ ደብተሩን አወጡ። ደብተሩ ዓምድ ዓምድ ሆኖ ተሠምሯል፤ የእቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የወሰደው አባል ስም፣ የወጣበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን። የመጨረሻው ዓምድ «አጥቦ የሚያስረክብ» ይላል። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። በዚያ ዓምድ የሴት ስም ያልሆነ አላገኘሁም።

ሽማግሌው እስክሪብቶ አቀበሉን። ሙሽሪት ለታላቁ ሚዜ ደወለችለትና ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ጠየቀችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም።